ከክንፉ በፊት የሚሠራው ሰሌዳ

በሐምሌ ወር ጅቡቲ ከተማን የረገጠ ሰው በመጀመሪያ የሚቀበለው ወደቡ ወይም ባሕሩ ሳይሆን ሙቀቱ ነው። ከበረሃው የሚነሣው ደረቅ ነፋስ አቧራውን ይዞ ሲመጣ ጥላው ራሱ አያሳርፍም፤ የሙቀት መለኪያው ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣም የከተማው ሰው እንደ ተራ ነገር ይመለከተዋል። ለሥራ ጉዳይ በዚያች ከተማ በቆየንባቸው ጥቂት ቀናት፣ ከዕለታት ባንዱ፣ ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ ብዙም ሳንርቅ ጥላ ፍለጋ ወደ አንድ የአሉሚኒየም መሥሪያ ቤት ጎራ አልን። ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ጠባብ ቤት ነው። ባለቤቱ ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉ፣ ጢማቸው የሸበተ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ለአንድ ሕንፃ ሠላሳ የመስኮት ክፈፍ እንዲሠሩ ታዝዘው ነበር፤ በዚያ ሰዓት ግን መጋዙን አስቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ።

«አባባ፣ ሥራ የለም እንዴ?» አልናቸው።

«ሥራማ ሞልቷል፤ የሚለካውና የሚቆረጠው ግን ጎህ ሲቀድ ነው። ልጄ፣ ቀትር ላይ አሉሚኒየሙም ይዋሻል፣ ሜትሩም ይዋሻል» አሉን።

ከግድግዳው ላይ አንድ ሰፊ ሰሌዳ ተሰቅሏል። በወፍራም ኮምፔንሳቶ ላይ የመስኮቱ ቅርጽ በሙሉ ልኩ ተሥሎ፣ በመሥመሩ ዳርና ዳር ጠንካራ የእንጨት ጉማጆች ተቸንክረውበታል። የተቆረጠው አሉሚኒየም በጉማጆቹ መካከል ይገባል። ከገባ ልክ ነው፤ ካልገባ ተመልሶ ሊማ ይነካዋል። ሠላሳውም መስኮት ከዚያች ሰሌዳ ላይ ተወልዶ ይወጣል፤ አንዱ ከሌላው በፀጉር አይለይም።

እንዲህ ያለውን ሰሌዳ በየመሥሪያ ቤቱ ፎርማ የሚሉት አሉ። የአውሮፕላን ሠሪዎች ጂግ ይሉታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ «ማቀፊያ» ብንለው ይሻላል፤ ሥራው የሚሠራውን አካል እስኪጸና ድረስ አቅፎ መያዝ ነውና። «የመስኮት ሰሌዳና አውሮፕላን ምን አገናኛቸው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። መጀመሪያ ያገናኘቻቸው ይህችው ከተማ ናት።

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ አብራሪ ፖቴዝ 25 የተሰኘችውን አውሮፕላን ከጅቡቲ አስነሥቶ አዲስ አበባ ላይ አሳረፋት። የዋና ከተማው ሕዝብ አውሮፕላን ሲያርፍ ያየው ያን ጊዜ ነው። አሥራ ስምንት ቀን ቆይቶ፣ ነሐሴ 30 ቀን፣ የጀርመኑ ዩንከርስ ደብልዩ 33 ደረሰ። እንግዲህ ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አዲስ አበባ ሁለቱንም ዓይነት ክንፍ ተመለከተች፤ አንደኛው ሸራ የለበሰ፣ ሁለተኛው እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ሽንሽን ያለው ዱራሉሚን። በሚቀጥለው ዓመት ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የመብረርን ሥራ ለመማር ተመደቡ።

ከምድር ባቡሩ ጋር ያለውም ነገር እንዲሁ ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ለብዙ ዘመን ማሽንና መለዋወጫ የሚገባበት ዋነኛው መንገድ እርሱ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የተተካው በዚያ አሮጌ መስመር ፋንታ ነው። በ1920ዎቹ ሩቅ አገር የሚላክ አውሮፕላን ብዙ ጊዜ ክንፉ ተነቅሎ በሣጥን ይጓዝ ነበር። ሣጥኑን የተቀበለ መካኒክ ክንፉን ከአካሉ ጋር ሲያጋጥም ስንት ዲግሪ ወደ ላይ እንደሚነሣ፣ ስንት ዲግሪ ወደ ኋላ እንደሚያዘነብል፣ ግራው ከቀኙ ጋር እኩል መሆኑን መለካት ነበረበት። ክንፍ መግጠም ክንፍ ለመሥራት የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ ትምህርት ቤት ወደሚቀጥለው ደረጃ የተሸጋገረው ሥራ የታየው በ1928 ዓ.ም.፣ ያውም ጦርነቱ በተጀመረበት ዓመት ነው። ሉድቪግ ቬበር የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስና አብራሪ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ በአዲስ አበባ አንድ አነስተኛ አውሮፕላን ሠራ። አውሮፕላኗ «ኢትዮጵያ 1» ተባለች፤ በልዕልት ፀሐይ ስምም «ፀሐይ» ተብላ ተጠራች። በረረችም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ሲገባ ግን በጠላት እጅ ወድቃ ወደ ኢጣሊያ ተጋዘች። ከሮም በስተ ሰሜን ቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የኢጣሊያ አየር ኃይል ሙዚየም ለብዙ ዓመታት ታይታለች። ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች።

ስለ ፀሐይ ሲነገር ስለ ስሟ፣ ስለ ምርኮዋና ስለ መመለሷ ይነገራል፤ ተገቢም ነው። የሙያ ሰው ግን የተሠራ ክንፍ ባየ ቁጥር ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ይህ ክንፍ ሲሠራ በምን ላይ ተኝቶ ነበር?

ከሸራው ሥር ያለውን እንመልከት። የዚያ ዘመን ቀላል አውሮፕላን ክንፍ ከሥሩ እስከ ጫፉ የሚዘልቁ ሁለት ረጃጅም አግዳሚዎች አሉት። በአግዳሚዎቹ ላይ ከፊት ወደ ኋላ እየተሻገሩ የሚሰኩት አጥንቶች ናቸው። ክንፉን ክንፍ የሚያሰኘው፣ ማለትም ከላይ ጎበጥ ከታች ለጥ ያለውን ቅርጽ የሚሰጠው፣ አጥንቱ ነው። አንድ ክንፍ አሥር አሥራ ሁለት አጥንት ቢኖረው ለሁለቱ ክንፎች ከሃያ በላይ ያስፈልጋል። ሁሉም አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። አንዱ ጎብጦ ሌላው ቢሟሽሽ ሸራው ሲወጠር ጉብታና ስርጉድ ያወጣል፤ አየሩም በዚያ ላይ አይገራም።

የአጥንቱ ማቀፊያ አሠራር ከአባባ የመስኮት ሰሌዳ ጋር አንድ ነው። ቀጥ ያለ፣ የማይጣመም ወፍራም ሰሌዳ ይመረጣል። የአጥንቱ ቅርጽ በሙሉ መጠኑ ይሣልበታል፤ እርሳሱም በደንብ መቀረጽ አለበት፣ የእርሳስ ውፍረት ራሱ ስህተት ነውና። በመሥመሩ ግራና ቀኝ ጉማጆች ይቸነከራሉ። ኮላ እንዳይዛቸው ሰሌዳውና ጉማጆቹ ሰም ወይም ሳሙና ይቀባሉ። ከዚያ በኋላ እንደ ጣት የቀጠኑት እንጨቶች በጉማጆቹ መካከል ይተኛሉ። አፍንጫው ጋ የሚጎብጠው እንጨት አስቀድሞ በሙቅ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ በደረቁ ቢታጠፍ ይሰበራል። በመጋጠሚያው ሁሉ ቀጭን የኮምፔንሳቶ ቁራጭ በኮላና በጥቃቅን ምስማር ይለጠፋል። ከዚያስ? ይታደራል። በማግሥቱ አጥንቱ ከማቀፊያው ይነሣል፤ ተራው የሁለተኛው ይሆናል። ችኩል ሰው በዚህ ሥራ አይበረክትም። ኮላው ሳይጸና የተነሣ አጥንት ወደ ፈለገበት ይጠማዘዛል፤ ተመልሶም አይቀናም።

ሁለተኛው ማቀፊያ ትልቁ ነው። አጥንትና አግዳሚ ተገናኝተው ክንፍ የሚሆኑበት ጠረጴዛ ማለት ነው። ርዝመቱ ከክንፉ መብለጥ አለበት፤ እግሮቹም በሲሚንቶው ወለል ላይ በጀሶ ወይም በሲሚንቶ ይጣበቃሉ፤ አንድ ሰው ተደግፎት እንኳ እንዳይነቃነቅ። የሞርታር ተኳሾች ይህን ከማንም በላይ ይረዱታል። መቀመጫው መሬት ውስጥ ገብቶ ሳይረጋ የተተኮሰ ጥይት የት እንደሚወድቅ የሚያውቅ የለም፤ ማነጣጠሪያው ምንም ያህል ቢስተካከል።

ጠረጴዛው በእጅ ውኃ ልክ ብቻ ቢፈተሽ አይበቃም። በረጅም ርቀት ላይ የሚያስተማምነው ግንበኞቻችን የሚሠሩበት ውኃ የተሞላ ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ ነው፤ ውኃ በሁለቱም ጫፍ እኩል ይቆማል፣ አያዳላም። ማዕዘኑ በሦስት፣ በአራትና በአምስት ክንድ ገመድ ይፈተሻል። ከዚያም በሁለቱ አግዳሚዎች መካከል ያለው እያንዳንዱ ክፍል ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ይለካል። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ ክፍሉ አራት ማዕዘን አይደለም፤ በውስጡ ያሉት የሽቦ ማጥበቂያዎች አንዱ እየላላ ሌላው እየጠበቀ ይስተካከላል። በመጨረሻ ከፊተኛው አግዳሚ በየአጥንቱ ቦታ ቱንቢ ይንጠለጠላል። ሠራተኛው በክንፉ ጫፍ ተንበርክኮ በአንድ ዓይኑ ይመለከታል። አሥራ ሁለቱም ክሮች አንድ ክር ሆነው ከታዩት አግዳሚው ቀጥ ብሏል።

ከዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። ክንፍ ከሥሩ እስከ ጫፉ አንድ ዓይነት ዝንባሌ እንዲኖረው አይፈለግም። በብዙ አውሮፕላኖች የክንፉ ጫፍ ከሥሩ ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ዝቅ ብሎ እንዲያዘነብል ሆን ተብሎ ይጠመዘዛል። ምክንያቱም ፍጥነት ሲቀንስ መሸከም የሚያቅተው የክንፉ ሥር አስቀድሞ እንዲሆን ነው፤ ጫፉ አስቀድሞ ከተሸነፈ አውሮፕላኑ በአንድ ወገን ተገልብጦ ይሾራል። ይህን ጥምዘዛ የሚሰጠው ማቀፊያው ነው። ጫፉ ላይ የክንፉ ስፋት አንድ ሜትር ቢሆን ሁለት ዲግሪ ማለት የፊቱና የኋላው ከፍታ ልዩነት 35 ሚሊ ሜትር ነው። ግማሽ ዲግሪ መሳሳት 9 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከትንሽ ጣት ውፍረት አይበልጥም። በዓይን አይታይም። በአየር ላይ ግን አብራሪው ይህን የጣት ውፍረት በክንዱ ጉልበት ሲታገለው ይውላል።

ይህን የምንለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በጦር ትምህርት ቤት በነበርንበት ጊዜ ከጓደኞቻችን ጋር የሁለት ሜትር ክንፍ ያለው ሞተር አልባ ሞዴል ሠርተን ነበር። ኮላው ጥሩ፣ እንጨቱ ጥሩ፣ ሸራው እንደ ከበሮ የተወጠረ። ከኮረብታ ላይ በለቀቅነው ቁጥር ግን ወደ ግራ ዞሮ ከመሬት ይላተማል። መሪውን አስተካከልን፤ ክብደት ጨመርን፤ ነፋሱንም ወቀስን። በአምስተኛው ቀን አንድ አረጋዊ የእንጨት ሥራ መምህር መጥተው ክንፉን አላዩም፤ ጠረጴዛውን አዩ። ከአንዱ እግር ሥር የታጠፈ ካርቶን ነበር። ወለል ስንጠርግ ካርቶኑን አንሥተነው፣ መልሰን ስናስገባው በሌላኛው እግር ሥር አድርገነዋል፤ በሁለቱ መካከል የግራው ክንፍ ተሠርቷል። የግራው ክንፍ የጠረጴዛውን ጠማማነት ተምሮ ነው ያደገው። ጥፋቱ የእኛ ነበር። መምህሩ ምንም አላሉም፤ ካርቶኑን ኪሳቸው ከተው ሄዱ።

ስለ ግራና ቀኝ ካነሣን፣ በዓለም ላይ በየቤቱ አውሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች እርስ በርስ የሚሳሳቁበት አንድ ስህተት አለ፤ ሁለት የግራ ክንፍ መሥራት። አጥንቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሠራተኛው ማቀፊያውን መገልበጥ ረስቶ የመጀመሪያውን ይደግመዋል፤ የሚያውቀው ሊገጥም ሲሞክር ነው። ክንፉን ጨርሶ በቤቱ በር ማውጣት ያቃተውም አለ ይባላል፤ እርሱስ ግድግዳውን ያፍርስ።

ወደ ጅቡቲ ሙቀት እንመለስ። አባባ «ይዋሻል» ያሉት በቁጥር የሚነገር ነገር ነው። አሉሚኒየም ሙቀት በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በእያንዳንዱ ሜትር 23 ሺሕኛ ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ብረት ደግሞ 12 ሺሕኛ። አራት ሜትር የሚረዝም የአሉሚኒየም አግዳሚ በብረት ማቀፊያ ላይ ተኝቷል እንበል። ጎህ ሲቀድ 28 ዲግሪ የነበረው ሙቀት በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ቀትር ላይ 43 ሲደርስ አግዳሚው 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ማቀፊያው ግን 0.7 ብቻ። ልዩነቱ የወረቀት ያህል ነው የሚል ይኖራል። ነገር ግን የአውሮፕላን ላሜራ የሚሰፋበት ሪቬት በቀዳዳው ውስጥ የሚተርፈው ክፍተት የአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ ያህል ነው። ጠዋት በትራፓኖ የተበሳው ቀዳዳ ቀትር ላይ ከጓደኛው ጋር አይተያይም። ሠራተኛው በጉልበት ካገናኘው ክንፉ ገና ሳይበር ውጥረት ተሸክሟል። ስለዚህ ባለሙያ ማቀፊያውንና ክንፉን ከአንድ ዓይነት ነገር ይሠራል፤ ወይም አንዱን ጫፍ አስሮ ሌላውን እንዲንሸራተት ይተወዋል፤ ወይም እንደ አባባ ሻዩን ይጠጣል።

እንጨት በሙቀት ብዙም አይረዝምም፤ የእርሱ ጠላት እርጥበት ነው። የባሕር ዳር አየር የጠጣ እንጨት በጎኑ ይሰፋል፤ ወደ ደጋ ሲወጣ ይጨመታል። በዚያ ዘመን በብዙ አውሮፕላን ላይ የሠራው ከወተት የሚዘጋጀው ኮላ ደግሞ እርጥበት ሲበዛበት ይሻግታል፣ ይለቃል። ስለዚህ ከወደብ የመጣ እንጨት አዲስ አበባ ላይ በማግሥቱ ቢቆረጥ ማቀፊያው የቱንም ያህል ቀጥ ቢል ዋጋ የለውም። አየሩን እስኪለምድ ይቀመጣል።

ከፍታውም ሌላ ጣጣ ነው። ጅቡቲ ከባሕር ወለል ጋር ትተካከላለች፤ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በዚያ ከፍታ አየሩ ከጅቡቲው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ አውሮፕላን ከመሬት ለመነሣት የበለጠ መሮጥ አለበት። ሞተሩም ትንፋሽ ያጥረዋል። በሳሳ አየር ውስጥ ለጠማማ ክንፍ የሚተርፍ ምሕረት ጥቂት ነው። ፀሐይን ያበረሩ ሰዎች የበረሩት በዚያ አየር ነው፤ ክንፏን ያቀኑትን እጆች ከዚህ በላይ የሚያመሰግን ምስክር አያስፈልጋቸውም።

ከፀሐይ በኋላ በኢትዮጵያ የአውሮፕላን ክንፍ የተሠራበት ዘመን አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ሽዋይዘር ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ባገኘው ፈቃድ፣ አግ-ካት የተባለውን የእርሻ መድኃኒት መርጫ አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ሠርቷል፤ «እሸት» ተብሏል። አግ-ካት ከላይና ከታች ድርብ ክንፍ ያለው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ፈቃድ የሚገዛ ድርጅት ሥዕሉን ብቻ ይዞ ምንም አይሠራም፤ ሥዕሉ ብረትና እንጨት ሆኖ የሚቆመው በማቀፊያው ነው።

በግል የተሞከረም አለ። አስመላሽ ዘፈሩ የተባለው ወጣት፣ በሙያው የጤና ባለሙያ ሆኖ ሳለ፣ በራሱ ወጪና በራሱ እጅ አንድ አውሮፕላን ሠራ። ስሟን ኬ-570ኤ አላት፤ «ኬ» ለእናቱ ለኪሮስ፣ 570ው ሥራው ለፈጀው ቀን። በ2007 ዓ.ም. ያደረገው የመብረር ሙከራ አልተሳካም። የሳቁበት እንደነበሩ አይጠረጠርም። እኛ ግን 570 ቀን ያለ ፋብሪካ፣ ያለ ቀያሽና ያለ ተቆጣጣሪ ከአንድ ሥራ ጋር የዋለን ሰው ለመሳቅ አንደፍርም። ፈረንሳዮቹ ጆሊና ደለሞንቴ በ1940 ዓ.ም. ያበረሯት ጆደል የምትባለው ትንሽ የእንጨት አውሮፕላን፣ ቀጥሎ በብዙ አገር በየጋራዡ ስትሠራ፣ ለሠሪዎቿ ዝርዝር ሥዕል ነበራቸው፤ የክንፏ ጫፎች በ14 ዲግሪ ሽቅብ ይታጠፋሉ። ያንን ክንፍ አስቀድሞ የሠራ ሌላ ሰው፣ ምክር የሚጠየቅ ጎረቤትም ነበራቸው። የእኛ ሰው ብቻውን ነበር።

ስለ ፀሐይ ስናስብ የሚከነክነን ይህ ነው። «ኢትዮጵያ 1» የሚለው ስም ሁለተኛዋን የሚጠራ ስም ነው፤ አንድ ብሎ የሚቆጥር ሰው ሁለት ለማለት አስቦ ነው። ማቀፊያ የሚሠራውም ለሁለተኛው ነው። ለአንድ መስኮት ብቻ ማንም ሰሌዳ አይቸነክርም። ጠላት የወሰደው አውሮፕላኗን ነው፤ ከ88 ዓመት በኋላ የመለሰውም እርሷኑ ነው። ክንፏን አቅፎ ያሳደገው ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛው ዙሪያ ቱንቢ ሲያንጠለጥሉ የነበሩት ሠራተኞች፣ የትኛው እንጨት ስንት ቀን እንደሚያርፍ የሚያውቀው እጅ ግን በሣጥን ተጭኖ የሚመለስ ነገር አይደለም። ዛሬ በአገራችን ያሉ የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች የፀሐይን ክንፍ ለክተው፣ ሥዕሉን አውጥተው፣ ማቀፊያውን እንደገና ቢሠሩት ምን ያግዳቸዋል? እንጨቱ አለ። ውኃ ልኩና ቱንቢው በየግንበኛው እጅ አለ። የሚጠይቀው ጊዜና ትዕግሥት ነው።

ከጅቡቲ በተነሣንበት ቀን ገና ሳይነጋ በአባባ ደጃፍ አለፍን። መብራት በርቷል፤ መጋዙ ይጮኻል። ሃያ ስምንተኛውን መስኮት እየቆረጡ ነበር።

«አባባ፣ ሠላሳው ሲያልቅ ይህን ሰሌዳ ምን ያደርጉታል? ጉማጆቹን ነቅለው ለሌላ ይጠቀሙበታል?» አልናቸው።

«ለምን ይነቀላል?» አሉ ቀና ሳይሉ። ወደ ግድግዳው በእጃቸው አመለከቱን። ከሰሌዳው ጀርባ ሌላ ሰሌዳ፣ ከዚያም ጀርባ ሌላ ተደርድሯል፤ አንዳንዱ አቧራ ጠግቧል። በእያንዳንዱ ጥግ ላይ በእርሳስ ቀን ተጽፏል፤ ከቀኑም አጠገብ የጠዋቱ ሙቀት ስንት ዲግሪ እንደነበረ።